የፊዚክስ ትምህርት ከጋፋት ኮረብታ

ይህን ሳወራ ዛሬም ጆሮዬ በእፍረት ይግላል። ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን የዘጋ ጊዜ እኛ የፊዚክስ መምህራን ቤት ባገኘነው ዕቃ ሙከራ እየሠራን ተማሪዎቻችንን በኢንተርኔት እንድናስተምር ተነገረን። ወጣቶቹ መምህራን ሲጨነቁ እኔ ሽማግሌው፣ "ለዚህማ ገመድና ድንጋይ ይበቃኛል!" ብዬ ፎከርሁ።

ደብረ ታቦር ያለው ቤቴ ኔትወርክ ስለሌለው ጋፋት ኮረብታ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ በሬ ነቅሎ ሐሙሲት ገበያ የሚያደርስ ነበር። ስልኬን ከድንጋይ ክምር መሀል ሰካሁና፣ "የምታዩትን ሁሉ አንድም ሳታስቀሩ መዝግቡ!" ብዬ በገመድ ያሰርሁትን ድንጋይ እያወዛወዝሁ በጩኸት ማስተማር ጀመርሁ።

በጀሪካን ጠበል ያዘለች ሴት መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

"አባቴ፣ ማንን ነው የሚያናግሩት?"

"ተማሪዎቼን።"

"የት አሉና?"

"እዚያ ውስጥ" ብዬ የድንጋዩን ክምር አሳየኋት። "ብዙ ናቸው፤ ግን አንዳቸውም አይመልሱልኝም።"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "አይዞዎት አባቴ፣ ይለቅዎታል!" ብላ ጠበሉን አናቴ ላይ ገለበጠችው። ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ሲገባ እንደ ፍየል ጮኽሁ።

"ጮኸ! ሊወጣ ነው!" አለችና የቀረውን ደገመችኝ።

አንገቴን ደፍቼ፣ ኮቴን እየጨመቅሁ ስልኬን ላጠፋ ሄድሁ። ያን ጊዜ አንዱ ተማሪ በትሕትና ተናገረ።

"መምህር፣ እንዳሉን ሁሉንም መዝግበናል። የጠበሉ መጠን ብቻ ቀረን፤ ስንት ሊትር ነበር?"