የጋሼ ራስ ምታት

አጎቴን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ቀጨኔ፣ አቀበቱ ላይ ካለው ቤታችን በር በርጩማቸውን አውጥተው ይቀመጣሉ። አላፊው «እንዴት አደሩ?» ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «ደህና፣ ራሴን ትንሽ አመም አድርጎኝ ነው።»

እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸውም፣ ዓይናቸው ሲደበዝዝም ያው ራስ ምታት ነበር። ሐኪሙ ሕመማቸው ነርቭን የሚጎዳ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል በሽታ እንደሆነ፣ ራስ ምታትም አብሮት ሊመጣ እንደሚችል ሲነግረን አብሬያቸው ነበርኩ። ቤት ስንደርስ ግን የፊት ለፊት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ «ምን አሉዎት?» ስትላቸው፣ «ራስ ምታት ነው አሉኝ» ብለዋት እርፍ አሉ። ወዲያው ከጓሮዋ ዳማከሴ ቀጥፋ መጣች። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ አፍንጫቸው ስር አስጠጋችላቸውና እስኪመሽ ስታጫውታቸው ቆየች።

እኔ ተናደድኩ። «ጋሼ፣ ለምን እውነቱን አይነግሯትም?»

«የነርቩን ብነግራት ከንፈሯን መጥጣ ከበር ትመለሳለች» አሉኝ። «ለራስ ምታት ግን መድኃኒት አላት። ይዛ ትገባለች።»

የጋሼ ሐዘንተኛ ተበትኖ ድንኳኑ የተነሳ ዕለት በሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ ነበር። በርጩማው እዚያው ነው፣ ማንም አላነሳውም። እትዬ ዘነቡ ከማዶ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?»

ራሴን ጭራሽ አላመመኝም ነበር።

«ራሴን ትንሽ አመም አድርጎኝ ነው» አልኳት።

ወደ ጓሮዋ ዞረች። እኔም የጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት።