የጋለውን ብረት የለኩት መምህር ጥሩነህ

መምህር ጥሩነህን በዚህ ሳምንት አፈር አልብሰን ተመለስን። መታመማቸውን ሳትሰሙ መርዷቸው ለደረሳችሁ፣ በስማዳም በእስቴም ላላችሁ ተማሪዎቻቸውና ወዳጆቻቸው፣ በንፋስ መውጫ ትምህርት ቤት አብሬያቸው አማርኛ ያስተማርሁት ባልደረባቸው ይህን ጻፍሁ።

እሳቸው የሳይንስ መምህር ነበሩ። ብረት ሲግል ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ ለተማሪዎቻቸው በዓይን ማሳየት ፈለጉ። ትምህርት ቤቱ ባትሪና መለኪያ ነበረው፤ ብረት የሚያግል እሳት ግን አልነበረውም። ስለዚህ ብረት ቀጥቃጩን አያ ወርቁን ምድጃቸውን ለመኗቸው።

ወሬው ገበያ ላይ ተሰማ። ወላጆች «ልጆቻችንን ቡዳ ቤት ሊያስገቡብን ነው» ብለው ለዲሬክተሩ አቤት አሉ። ዲሬክተሩም «ይቅርብዎ፤ ነገሩ ከሥራዎ እንዳያፈናቅልዎ» አሏቸው።

መምህር ጥሩነህ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብለን፣ እህሉን በልተን፣ እሳታቸውን ብንፈራ ያስተዛዝባል» አሉ።

በማግሥቱ ከክፍሉ ግማሹ ቀረ። የመጡትን ይዘው ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። አያ ወርቁ ወናፉን ሲነፉ ከባትሪውና ከመለኪያው ጋር ተያይዞ በፍሙ ውስጥ የተቀበረው ጥቅል ሽቦ ቀላ። ሽቦው እየጋለ በሄደ ቁጥር የመለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወረደ።

«አያችሁ? ሙቀቱ ሲበረታ ኤሌክትሪኩ ማለፍ ይቸግረዋል» አሉ መምህሩ። ሽቦው ወጥቶ ሲበርድ መርፌው ወደ ቦታው ተመለሰ።

አያ ወርቁ ጎንበስ ብለው መርፌውን አዩና፣ «እኔ መቅላቱን ነበር የማውቅ፤ ለካ ውስጡም ይለወጣል» አሉ።

ባለቤታቸው የገብስ ዳቦ አቀረቡ። ማናችንም እጃችንን ሳንዘረጋ መምህር ጥሩነህ ቆርሰው በሉ፤ «እሜቴ፣ ለልጆቹም ይቁረሱላቸው» አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም በላን። ማንም አልታመመም። የቀሩትም ልጆች አንድ በአንድ ተመለሱ።

በዓመቱ የአያ ወርቁ ልጅ ዘውዴ ትምህርት ቤት ገባች። አጠገቧ የሚቀመጥ ሲጠፋ መምህሩ የራሳቸውን ወንበር ከጎኗ አድርገው ያስተምሩ ነበር። ዛሬ እሷም መምህርት ናት።

መምህር ሆይ፣ አስከሬንዎን ከተሸከሙት አንዱ አያ ወርቁ ነበሩ። በመንገዱ ሁሉ ሰው ትከሻውን ከትከሻቸው ጋር እያገጣጠመ ተሸከመ፤ «ይልቀቁ» ያላቸው አልነበረም። ይህን ሳልነግርዎ እንድለይዎ ልቤ አልፈቀደም። አሁን በሰላም ይሂዱ።