ባንድ ዓይኗ የምታይ አሞራ

አሞራዋን ከነሁለት ዓይኗ ስዬያት ቢሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር? መጽሐፍ ስደረድርም፣ ውኃ ወረፋ ስጠብቅም ይህ ጥያቄ አብሮኝ ይውላል። መልሱን አላውቀውም። ሳላውቀው የምሞትም ይመስለኛል።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ ከልጄ እኩዮች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጬ። አሁን ከላሊበላ ወደ ብልባላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ለአዕዋፍ የሚቆረቆሩ ሰዎች ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጥተው፣ «የአገራችሁን ወፎች አጥሩ ግንብ ላይ ሳሉ፤ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም ካያቸው ይሳሳላቸዋል» ሲሉ፣ ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ጠቆሙ። የሠዓሊ ልጅ ነኝና። አባቴ ዕድሜያቸውን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲስሉ ኖረው፣ አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ደጅ ተቀምጠው የሚውሉ ሰው ናቸው።

ተማሪዎቹ ቁራውን፣ ዋኖሷን፣ ቆቋን ሳሉ። ለገበያተኛው ፊት ለፊት የሚታየውን ሰፊ ቦታ ለራሴ ያዝኩ። የሳልኩት ጢም ያላትን አሞራ ነው፤ ከመንደራችን በላይ ገደሉ ላይ የምትኖረውን፣ አጥንት ይዛ ሽቅብ ወጥታ ቋጥኝ ላይ እየጣለች የምትሰብረውን። እዚያ ገደል የቀሩት እሷና ባሏ ብቻ ነበሩ። ላባዋን አንድ ባንድ ከመጽሐፍ እያየሁ ሠራሁ፤ ደረቷን በዚያው በገደሉ ቀይ አፈር ቀባሁት። መጽሐፉ ላይ የቆመችው በጎን ነው። እኔም በጎን ሳልኳት።

በእኛ አገር ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፤ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ ባንድ ዓይን ይሳላሉ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይህን ያነባል። ለአባቴ ቀለም እየበጠበጥኩ ያደግኩ ሰው ነኝና ይህ አልጠፋኝም። ለወፍም ይሠራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በዚያው ክረምት ጅብ በረታብን፤ አህያ ከበረት እያወጣ መብላት ጀመረ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ጥዱ ሥር ተቀምጦ፣ ሥጋ በመርዝ ነክሮ ከገደሉ ግርጌ ሊጥል መከረ። ሸንጎ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ተነሣሁ።

«መርዙን ጅብ ብቻ አይበላውም» አልኩ። «አሞሮቹም ያልቃሉ።»

«የትኞቹ?» አለ አህያው የተበላችበት ጎረቤታችን። «ያቺ ባንድ ዓይኗ የምትገላምጠን?»

ሳቁ።

«በሌላው ዓይኗማ ጅቡን እየጠቀሰችው ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«እትዬ፣ ለይሁዳ አማላጅ ሆነሽ መጣሽ?» አለ ጎረቤቴ፣ እሱም እየሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያች አህያ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ተይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ሳቁ ሳያበቃ ነገሩ ተቆረጠ። ያ ግንብ ባይኖር፣ ያ ቀልድ ባይገኝ፣ ይሰሙኝ ነበር? ወይስ ሌላ ቀልድ ይፈልጉ ነበር?

ከገደሉ ሥር አገኘኋት፤ አንድ ክንፏ ተዘርግቶ፣ ቀዩ ደረቷ ጭቃ ውስጥ። ባሏ ጥቂት ቀን ብቻውን ሲያንዣብብ ከረመና እሱም ጠፋ። ጅቡ ዛሬም ይመጣል።

ግንቡ ላይ ያለችውን ማንም አላጠፋት። ዝናብ እየላጣት ነው። አዲስ የገቡት ልጆች ከእሷ እየቀዱ ይስላሉ፤ እነሱም ባንድ ዓይን። ሰማይ ላይ አይተዋት አያውቁም።

አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ወደ ገደሉ አድርገው ይጠይቁኝ ነበር።

«አሞራዋ ወጣች?»

«ወጥታለች አባባ።»

«ከፍ ብላለች?»

«ከፍ ብላለች።»

ሞራው ሁሉን ሲጋርድባቸው መጨረሻ የቀረላቸው የእሷ ጥላ ነበር። ከመደርደሪያው የተዛነፈ መጽሐፍ የማያስችለኝ ሴት፣ ለአባቴ በየማለዳው የሞተች አሞራ አበርር ነበር።

አባቴ ለፋሲካ በግ ሲታረድ የጭኑን አጥንት ለእሷ የማድረስ ልማድ አላቸው። ዘንድሮም «ቋጥኙ ላይ አኑሪላት» ብለው ሰጡኝ። ወጣሁ። አምና፣ ከሞተች በኋላ፣ ያኖርኩላትን አጥንት እዚያው አገኘሁት፤ ነጥቷል፣ አልተሰበረም። የዘንድሮውን ከጎኑ ማስቀመጥ አቃተኝ። ይዤው ተመለስኩ።

«አባባ፣ የለችም» አልኳቸው። «ሞታለች። ከሞተች ቆየች።» መርዙንም፣ ሳቁንም፣ ግንቡ ላይ እንዴት እንደሳልኳትም ነገርኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እንግዲያ አዙረሽ በፊቷ ሳያት» አሉ በመጨረሻ። «የበደለችው የለም። ሁለት ዓይን ይገባታል።»

«በፊቷ አይቻት አላውቅም አባባ። አንድም ቀን ወደ እኛ አልዞረችም።»

እጃቸውን ዘረጉ። እኔን የፈለጉ መስሎኝ ተጠጋሁ። የፈለጉት አጥንቱን ነው። ተቀብለውኝ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፊታቸው እንደ ወትሮው ወደ ገደሉ ነበር።