ደህና መሆኗን ካወቅሁ በኋላ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መሻሬን ተናግሬያለሁ፣ ሰው ማማቴን ተናግሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ አፌ ይታሰራል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሱኝ። ልጄን በድያታለሁ። ፈርቼ በደልኳት ብል ግማሹ እውነት ነው። የምጽፈው ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

ማስተዋል አንድ ልጄ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እዚሁ ደብረ ታቦር ቆሎ እየሸጥኩ አሳደግኋት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የወጣቶች ልብወለድ ማንበብ ጀመረች። ከትምህርት ቤቷ ትዋሳለች፣ ትጨርሳለች፣ ሌላ ትዋሳለች። አነባበቧ ግን የጉድ ነበር። መጽሐፉን መሐል ላይ ትዘጋውና ገብስ እየለቀመች የቀረውን ታሪክ ራሷ ትጨርሰዋለች። ከዚያ ገልጣ ታያለች። ደራሲው ከሷ አሳምሮት እንደሆነ "አይ ጉዴ! በለጠኝ!" ብላ ትስቃለች። የራሷን መጻፍ ስትጀምር ደግሞ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ነበር የምትቀመጠው። የሰዎቿን ንግግር መጀመሪያ በአፏ ታወጣዋለች፤ አፏ ላይ ካልጣመ አትጽፈውም።

ይህን ሁሉ ዛሬ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ምን አውቄ? አንድ ጠዋት ከጓሮ ስገባ፣ ልጄ ድምፅዋን እንደ ሽማግሌ አጎርንና "ልጄን የት አደረሳችኋት?" ስትል ሰማኋት። ወዲያው እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ወዲያው ሳቀች። በሰው አንደበት ሌላ ሲናገር ጠበል ቦታ አይቻለሁ። ሮጬ ጎረቤቴ እትዬ አትጠገብ ቤት ገባሁ።

"እትዬ፣ ልጄን ለከፈብኝ!"

"በስመ አብ! ምኑ?"

"እኔ ምን አውቄ! ሽማግሌም ነው፣ ሕፃንም ነው።"

"ሁለት ከሆኑማ ምን ትጠብቂያለሽ? ነገውኑ ጠበል ውሰጃት እንጂ!"

ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ማስተዋል "እማዬ፣ ድርሰት ነው እኮ! ሽማግሌው እውነተኛ ሰው አይደለም" ብትለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። በዚያ ሳምንት አርብ የጻፈችውን በተማሪዎች ፊት እንድታነብ ተመርጣ ነበር። "አርብ ይለፍና የፈለግሽበት እሄዳለሁ" ብላ ለመነችኝ። አልሰማኋትም። ከገሳይ ወዲያ ወዳለ ጠበል ይዣት ሄድኩ።

በማግስቱ አጥማቂው አባ አስቀምጠው አነጋገሯት። ታሪኳን ስትነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርተው "ይቺ ልጅ ምንም የለባትም። እግዜር የሰጣት ስጦታ ነው። ይዘሻት ግቢ፤ ትምህርቷም አይለፋት" አሉኝ።

ኃጢአቴ እንግዲህ ከዚህ ይጀምራል። "እሺ አባቴ" ብዬ መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ፤ ለልጄ ግን "ሱባዔውን ጨርሱ ብለዋል" አልኳት። በካህን ስም ዋሸሁ። ለምን? መንደሩን በጩኸት አናውጬ ወጥቼ በማግስቱ "ደህና ናት" ብዬ ብመለስ ሰው ምን ይለኛል? እትዬ አትጠገብ ምን ይሉኛል? ለዚህ ብዬ። በዚያ ብርድ፣ ገና ሳይነጋጋ ውሃው ሲወርድባት፣ ጥርሷ ሲንገጫገጭ፣ ነጠላዋን ይዤ ዳር ቆሜ አያት ነበር። አውቄ ነው። ደህና መሆኗን አውቄ። ፈሪ ብቻ ብሆን ኖሮ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

አርብ እዚያው አለፈ። ስንመለስ መንደሩ "እንኳን ማራት" አለ። የክፍሏ ልጆች ግን "ሽማግሌው ወጣ ወይስ አለ?" እያሉ ይተርቧት ጀመር። የተዋሰችውን መጽሐፍ መለሰች፤ ሌላ አልተዋሰችም። ገብስ ስትለቅም ጣቷ እንጂ አፏ አይንቀሳቀስም። ቤቱ ጭር አለ። ያን ዝምታ እኔ ነኝ ያመጣሁት።

ልጄን ግን አታውቋትም። ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድምፅ የለውም። ሽማግሌዎቿን፣ ሕፃናቷን፣ ሁሉንም በትንፋሿ ብቻ ታናግራለች፤ ከዚያ ትጽፋለች። እኔ ብሆን እንደዚያ ተደርጌ እስክርቢቶ የሚባል እነካ ነበር? አልነካም። እሷ ማንም ሳያበረታታት፣ እናቷ እንኳ ሳታበረታታት፣ ጠዋት ጠዋት ተቀመጠች። ዛሬ ሐሙሲት አስተማሪ ናት፤ ያኔ እሷ በነበረችበት ዕድሜ ላሉ ልጆች ልብወለድ ትጽፋለች። ያሳተመችውን አምጥታ "እማዬ፣ ሞክሪው" አለችኝ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቃል በቃል፣ ዐቢይ ጾምን ሙሉ አነበብኩት። በመኪና ተሳፍራ የጠፋች ልጅ ታሪክ ነው። መሐሉ ላይ ዘጋሁትና ቆሎ እየቆላሁ ልጅቷን ራሴ ቤቷ አስገባኋት። ስገልጠው ማስተዋል እኔ ባላሰብኩት መንገድ ነው ያስገባቻት። በለጠችኝ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ብቻዬንም አለቀስኩ። ይህን የሚጽፍ ሰው ነው እኔ የማደርገውን እያወቅሁ ብርድ ላይ ያቆምኩት?

በሚመጣው እሑድ እዚሁ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ልታነብ ነው። እትዬ አትጠገብ ትናንት መጥተው "አንቺ ብልህ እናት! ያኔ በጊዜ ባትወስጃት ይቺ ልጅ ዛሬ የት ትሆን ነበር?" አሉኝ። ይህን ምስጋና ስንት ዘመን ዝም ብዬ ተቀበልኩ! ትናንት ግን አልዋጥልሽ አለኝ።

"እትዬ፣ አልታመመችም ነበር። አባ በማግስቱ ነግረውኛል።"

"ታዲያ ለምን አቆየሻት?"

"አንቱን ፈርቼ።"

እትዬ "እኔን?" ብቻ ብለው ወጡ።

ማስተዋል እስከ ዛሬ ሱባዔውን ያዘዙት አባ ይመስሏታል፤ ያዘነችውም በሳቸው ነው። ከእሑድ በፊት ብነግራት ንባቧን ሁለተኛ እነጥቃታለሁ። ስለዚህ ትጨርስ፣ ይጨብጨብላት። ቤት እንደገባን ግን፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ እነግራታለሁ። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ፈሪ ነበረች ብላችሁ አትዘኑልኝ። ይቅር በይኝ እላታለሁ፤ እናትሽ ነኝ ብዬ ግን አልይዛትም። ተነሥታ በመጀመሪያው መኪና ወደ ሐሙሲት ብትመለስ፣ ቦርሳዋን እኔው ተሸክሜ እሸኛታለሁ።