ከቆመች ትቃጠላለች

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸተኝ ክው ብዬ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ልጄ የጀሪካን ክዳን ምድጃው ላይ ረስታ ነበር። አጥፍቼ መስኮቱን ብከፍትም ሽታው ወደ አባቴ ቤት ወሰደኝ።

አባቴ ስፋታቸው ጣት የማይሞላ የድሮ ፊልሞች ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች እየገዛ ያጠራቅም ነበር። እሑድ ከሰዓት መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅሎ ያሳየኛል። ማሳያውን «ማኪና» ነበር የሚለው። በአንደኛው ፊልም፣ አንድ የውጭ አገር ሰው በቀረጸው የመቐለ ገበያ መሃል፣ እኔን ወልዳ የሞተችው እናቴ ዘንቢል ይዛ ታልፋለች። ዞር ብላ ፈገግ ትላለች፤ ወዲያው ሰው ይጋርዳታል። ፎቶ የሚባል አልነበራትም።

«አባ፣ አቁማት!» እለዋለሁ።

«ከቆመች ትቃጠላለች፣ ጓለይ፣ ልጄ። መብራቱ ኃይለኛ ነው።»

አንድ እሑድ ግን አልቅሼ አላስቆም አላስቀምጥ ስለው «እሺ፣ ትንሽ ብቻ» ብሎ ማኪናውን አቆመው። እናቴ ቆመች። ጉንጯ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጣ፤ ሰፋና ፊቷን በላው። ቤቱ እንደዛሬው ሸተተ።

አባቴ መብራቱን አጥፍቶ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠ። «እኔም እኮ ጠግቤ አላየኋትም» አለ።

ስለ ፊልሙ የሚያወራ መስሎኝ «ሌላ ትገዛለህ» አልኩት።

ዛሬ ፊቷን ላስታውስ ስሞክር የሚመጣልኝ ቀዳዳው ነው።

«እማ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለች ልጄ፣ የቀለጠውን ክዳን ይዛ። «ሌላ እንገዛለን።»