ከሰሌዳው ላይ የቀደድኩት ማስታወቂያ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባሌ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ በየጾሙ ይመጡና «እህ ልጄ፣ ምን አለሽ?» ሲሉኝ የማቀርብላቸው አላጣም። ሰው አምቻለሁ እላለሁ፣ ዓርብ ረስቼ ወተት ቀምሻለሁ እላለሁ፣ ቅዳሴ አርፍጃለሁ እላለሁ። ስገጂ ይሉኛል፣ እሰግዳለሁ። ትልቁን ደብቄ ለትንንሹ ስሰግድ ኖርኩ። እንግዲህ የማታውቀኝ አንባቢ፣ ዛሬ አንተ ስማኝ። መስቀል ስላልያዝክ አልፈራህም።

ነገሩ አንዲት ወረቀት ናት። እኔ የተለጠፈ ወረቀት ቀደድኩ። ይኸው ነው። ሰው አልገደልኩም፣ የሰው ቤት አላቃጠልኩም። ወረቀት ቀዶ ደግሞ ምን ኑዛዜ አለ ትል ይሆናል። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ እንዲያ ብያለሁ መሰለህ። እስቲ ጨርሰህ ስማና ፍረድ።

እኔና ብርቄ ደብረ ማርቆስ አካውንቲንግ ተምረን አንድ ቀን ተመረቅን። እሷ የዲማ ልጅ ናት፣ አባቷ የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ነበሩ። እኔ ያደግኩት ጉንደ ወይን ነው፣ እናቴ እህል ነግዳ ብቻዋን ያሳደገችኝ። ትምህርቱን ስንመርጥ ያልመከረን ሰው አልነበረም። ገንዘብ ባለበት ሁሉ ሒሳብ ያዥ አለ፣ አካውንቲንግ የተማረ ሥራ አያጣም አሉን። እውነታቸውን ነው፣ ገንዘብ ባለበት ሁሉ ሒሳብ ያዥ አለ። አለ እኮ! ቀድሞ የተቀመጠ፣ ጡረታው እስኪደርስ ከወንበሩ የማይነሳ። ለእኛ ማን ቦታ ይዞልን ነው?

ተመርቀን ወደ ቤት መመለስ ለሁለታችንም ሞት መሰለን። እናቴ ገበያ በወጣች ቁጥር ልጅሽ ሥራ ያዘች ወይ እያሉ ያደርቋታል። የብርቄን አባትም ካህናቱ ሳይቀሩ ይጠይቋቸዋል። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ሥራ ፍለጋ ያዝን። ሥራ ፍለጋ ማለት በእኛ አገር ሰሌዳ መዞር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሰሌዳ አለ፣ ሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ማስታወቂያው ፊት እንደኛ ያለ ተመራቂ ተገትሮ ያነባል። አንዱ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይላል፣ ሌላው አራት ዓመት ይላል። ሳንቀጠር ልምዱን ከየት እናምጣው? ከገበያ እንሸምተው? «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» የሚል ቃል ካየን ቆይቶ ነበር። ዜሮ እንደዚያ የሚናፈቅ ቁጥር መሆኑን ሥራ ፈልጎ የማያውቅ ሰው አይገባውም።

ክረምት ገባ። ከሁለታችን ጭቃ የሚችል ጫማ ያላት ብርቄ ብቻ ነበረች። ስለዚህ ተራ ገባን። አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ፣ ተረኛዋ የብርቄን ጫማ ተጫምታ ሰሌዳዎቹን ትዞራለች፣ ሌላዋ ቤት ሆና ትጠብቃለች። ያየነውን ላንደባበቅ ደግሞ ተማምለናል። ሐሳቡ የብርቄ ነበር፣ መሐላው ግን የኔ ነው። እኔ ነኝ እንማማል ያልኩት። ሰው እምነት የሚጎድለው በራሱ ነው መሰለኝ፣ እሷ መሐላ አላስፈለጋትም።

ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። ብርቄ በማለዳ ተነስታ ከአባቷ ቤት የተላከውን ድርቆሽ በሽሮ ፈትፍታ አቀረበችልኝ። ባዶ ሆድሽን አትዙሪ ብላ ቆማ አስጨረሰችኝ። በልቼ፣ ጫማዋን አጥልቄ ወጣሁ።

ሦስተኛው ሰሌዳ ላይ ነው ያገኘሁት። ማጣበቂያው ገና አልደረቀም። ጀማሪ አካውንታንት ይላል። የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት ይላል። የሥራ ቦታው ሮብ ገበያ የምትባለው ከተማ ነው። እልል ልል ቃጣኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሮጬ ለብርቄ መንገር ነው፣ እውነቴን ነው፣ እግሬ ዞሮ ነበር። ከዚያ መለስ ብዬ አንድ መስመር አነበብኩ። ብዛት፦ አንድ።

ብዛት አንድ። ብርቄ በውጤት ትበልጠኛለች፣ ፈተና ላይ ደግሞ ማንም አይደርስባትም። አብረን ከተመዘገብን የምትገባው እሷ ናት፣ እኔ ጫማ ስዋስ እኖራለሁ። ዝም ልበላት ብል ነገ ተራው የሷ ነው፣ መጥታ ታየዋለች። ይህን ሁሉ ያሰብኩት እዚያው ቆሜ ነው። ሰይጣን አሳሳተኝ እንዳልልህ፣ ሰይጣን እንዲህ አጣርቶ ሒሳብ አይሠራም። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ለዚያውም የተመረቅኩበት ሙያ ነው። ዘበኛው ዝናቡን ሸሽቶ ጎጆው ውስጥ ገብቷል። ግራ ቀኝ አየሁ። ቀደድኩት። የላይኛው ጥግ በደንብ ተጣብቆ ስለነበር እሱ ሰሌዳው ላይ ቀረ፣ ሌላውን አጣጥፌ ጡቴ ሥር ሸጎጥኩት። ቤት ገብቼ ብርቄን «ዛሬም ባዶ ነው» አልኳት። እሷም የነገን እግዜር ያውቃል ብላ ጫማውን ከእግሬ ተቀብላ ጭቃውን ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ ብርቄ ሄደች። በጊዜ ትመለሳለች ስል ቆየች። ሰሌዳው ላይ የቀረችውን ጥግ አይታለች። ጥጓ ላይ «ጀማሪ አካውን» የሚል ይነበባል፣ የቀኑም ቁጥር አለበት። ዘበኛውን ጠየቀችው፣ ትናንት የማላውቀው ሰው ሲለጥፈው አይቻለሁ፣ ማን እንደነቀለው አላየሁም አላት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያንን ማስታወቂያ ሌላ ቦታ ስትፈልግ ዋለች። የሌለበትን ሰሌዳ ሁሉ ዞረች፣ ቢሮ እየገባች ጠየቀች። ሮብ ገበያ የሚለው እኔ ጡት ሥር ነው ያለው፣ እሷ ምን ብላ ትገምት? በስብሳ ገባች። አንቺ ካለፍሽ በኋላ ተለጥፎ ነው የቀደዱት አለችኝ። እኔን ልትጠረጥር አይደለም፣ ልታጽናናኝ እኮ ነው፣ ሳላየው በማለፌ እንዳይቆጨኝ። ወይ ነዶ!

ያንለት ነው የረገመችው። የዲማ ሰው የተበደለ እንደሆነ፣ በዳዩን ካላወቀው ይፍረድበት ብሎ ለጊዮርጊስ ይሰጠዋል። ብርቄ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የረጠበ ነጠላዋን እንደለበሰች ፊቷን ወደ ዲማ ጊዮርጊስ አቅጣጫ አዙራ ቆመች።

«ያንን ወረቀት የቀደደውን ሰው ለጊዮርጊስ ሰጥቼዋለሁ። የሚበላው እንጀራ አይጣመው» አለች።

ወደኔ ዞረች። ሰው ሲራገም አጠገቡ ያለው አሜን ይላል፣ ወጉ ነው። አሜን ካላልኩ ትጠረጥራለች ብዬ ፈራሁ።

«አሜን» አልኩ።

በራሴ ላይ አሜን አልኩ። ከዚያስ ተመለስኩ? ምን ቆርጦኝ። እናቴ አሟታል ብዬ በደህና እናቴ ላይ በሽታ ጠርቼ ሮብ ገበያ ሄድኩና ተመዘገብኩ። ደብረ ማርቆስ ላይ ማስታወቂያውን ያየ ስላልነበረ የቀረብነው ጥቂት ነን። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። ብርቄን ምን ልበላት? ተወዳድሬ አለፍኩ ብል የት አየሽው ትለኛለች። ዘመድ አስገባኝ አልኳት። አየህ፣ የኛ ነገር እንዲህ ነው፣ በውድድር ገባሁ የሚለውን ነው ሰው የሚጠረጥረው። ዘመድ አስገባኝ ያለን ማንም አይጠይቅም፣ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ብሎ ያልፈዋል። ብርቄም አለፈችው። እንኳን ከሁለታችን አንዳችን ወጣን ብላ አቅፋ አለቀሰች። ስሄድ ጫማውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ሥራ ቦታ በዚህ በተቀደደ ጫማሽ አትገቢም አለች። ተቀበልኩ። እሷ ከዚያ በኋላ በምን ሰሌዳ እንደዞረች አልጠየቅኩም።

ሁለት ክረምት ያህል ዞረች። በየሐምሌው አዲስ ተመራቂ ይወርዳል። ከዚያ ቀጣሪዎቹ ዘንድሮ የተመረቀ፣ ዕድሜው ከዚህ ያልበለጠ ማለት ጀመሩ። ያልተሠራበት ዲግሪ ሳጥን ውስጥ እንደከረመ ቀሚስ ነው፣ ሳይለበስ ያረጃል። በመጨረሻ ዲማ ተመልሳ ጧፍና ሳሙና መቸርቸር ጀመረች። ታናሽ ወንድሟ እሷ ተምራ ምን አገኘች ብሎ ትምህርቱን ተወው። ይህንንም እኔ ነኝ የቀደድኩት፣ ከወረቀቱ ጋር።

እኔስ? እርግማኑ ይደርሳል ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ ሰሞን እንጀራ በቆረስኩ ቁጥር እፈራ ነበር። አንባቢዬ፣ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ እንጀራው ይጣፍጣል። ሁልጊዜም ጣፈጠኝ። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቤት ሠራሁ፣ ደመወዙ ወር ባያደርስም እድገት አገኘሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ የኔ እውነት እያደር ደፈረሰ እንጂ አልጠራም። አሁን ማስታወቂያ የማስለጥፈው እኔ ነኝ። ማጣበቂያውን አራቱም ጥግ ላይ አብዝቼ እቀባለሁ። ሰው ጠንቃቃ ናት ይለኛል።

ባለፈው ዓመት የብርቄ አባት መሪጌታ አረፉ። ለአርባቸው ዲማ ሄድኩ። ብርቄ ጥቁር ለብሳ ስታየኝ ተነስታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ለዘመዶቿ ሁሉ፣ ያኔ በችግራችን ጊዜ ያየችውን ማስታወቂያ የማትደብቀኝ ጓደኛዬ ይቺ ናት እያለች አስተዋወቀችኝ። አንድ አሮጊት እጄን ሳሙኝ። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሕዝቡ ጋብ ሲል ከደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት ጥላ ሥር ተቀመጥን። ያቺን የተቀደደች ማስታወቂያ ታስታውሻለሽ ወይ አለችኝ። አስታውሳለሁ አልኩ። አባቷ ሊያርፉ ሰሞን ጠርተዋት ቂም የያዝሽበት ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቋት። ለጊዮርጊስ ስለሰጠችው ሰው ነገረቻቸው። ማን እንደሆነ አላውቅም አለች።

«መልሺው፣ ልጄ» አሏት። «ርቦት ይሆናል የቀደደው። የተራበ ሰው አይረገምም።»

እሷም ሄዳ ከጊዮርጊስ ደጅ ቆማ እርግማኗን መለሰች። ይቅር ብዬዋለሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቀለለኝ አለችኝ። ይህን ስትለኝ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። ታውቅ ነበር? እስከ ዛሬ ይህንን እጠይቃለሁ። ዐይኗ ላይ ምንም አላየሁም፣ ልቅሶ ካደከመው የዋህ ዐይን በቀር። ቢሆንም በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለት ቃል። አባቷ የሉም፣ እርግማኑ የለም፣ ቁጣም የለም፣ ምን ያስፈራኛል? ጓደኛዬ የምትለኝን ማጣት ፈራሁ። የቀማኋትን ሁሉ ወስጄ ፍቅሯንም ጨምሬ ላስቀር ፈለግኩ።

«ጥሩ አደረግሽ» አልኳት።

ከመቅደዴ ይልቅ ይህ ይብሳል። ስቀድ ልጅ ነበርኩ፣ ሥራ አጥ ነበርኩ፣ የሚባል ሰበብ አይጠፋም። በዚያ ጥላ ሥር ግን ምን ጎድሎኝ ነበር? የማይገባኝን ይቅርታ በዝምታ ሰረቅኩ። ለማያውቁት ሌባ የተሰጠ ምሕረት ነው፣ እኔም እንደማስታወቂያው አጣጥፌ ሸሸግኩት።

አንባቢዬ፣ አንተን ይቅር በለኝ አልልህም፣ አንተን አልበደልኩም። ይህን ጽሑፍ ግን ብርቄ ታነበው ይሆናል፣ ማንበብ እንደሁ ትወድ ነበር። ካነበብሽው ስሚኝ፣ ብርቄ። እኔ ነኝ። አባትሽ ርቦት ይሆናል ያሉሽ ሰው እኔ ነኝ፣ ይቅርታሽንም በዚያ ምክንያት ሰጥተሽኝ እንደሆነ መልሰሽ ውሰጂው።

ርቦኝ አልነበረም። ያን ቀን ጠዋት የአባትሽን ድርቆሽ ከእጅሽ በልቼ፣ ጠግቤ ነው የወጣሁት።