«ወራጅ አለ» ያልኩት እኔው ነበርኩ

መጀመሪያ ያመለጠኝ ሳሪስ አቦ ጋ ነው። ከሳሪስ ቂሊንጦ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ፤ በዚህ መስመር እንደኔ የሚጣራ የለም፣ ጠይቁ። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ በር ላይ ተንጠልጥዬ ጉራዬን ስነፋ ወድቄ በቂጤ አርፌ ነበር። ስቄ ተነሳሁ።

ሳሪስ አቦ ስንደርስ ሰገራ መጣ። ያዝኩት። አልያዝ አለ።

«ወራጅ አለ» አልኩ።

ሾፌራችን ጋሽ ከድር በመስታወት አዩኝ። «የታለ ወራጁ? ቀልድህን ተው አንተ ልጅ» ብለው ነዱት።

ስቀልድ ነው የኖርኩት፣ ማን ይመነኝ? ሱሪዬ ላይ አለቀ። ሰው መስኮት ከፈተ።

ከዚያ ሥራ ስገባ እህል ተውኩ፤ ባዶ ሆድ ምን ያወጣል ብዬ። ያወጣል። ቤት ቀረሁ። ጋሽ ከድር ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ «ጋሼ፣ የዛን ቀን ወራጁ እኔ ነበርኩ» አልኳቸው።

መሬት መሬት አዩ። «ታከም። አራት ወር ቦታህን እይዝልሃለሁ። ከዚያ በላይ ግን መኪናው ባለቤት አለው።»

ሆስፒታል ሄጄ በኤምአርአይ ታየሁ፤ በቂጤ ስወድቅ ነርቭ ተጎድቷል ተባለ። መድኃኒቱም የፊንጢጣ ጡንቻ ስፖርቱም ብቻቸውን አልበቁም። ዶክተሯ ቁርጭምጭሚቴ ጋ ቀጭን መርፌ ሰክታ ከማሽን ጋር አገናኘችው።

«ዶክተር፣ በሽታው እላይ ነው፣ እርስዎ ወረዱ» አልኩ።

«ቲቢያል ነርቭ ይባላል። ፊንጢጣህን የሚያዙት ነርቮች ከሚነሱበት ቦታ ነው የሚነሳው። እዚህ ስናነቃቃው እዚያ ይደርሳል። ለሁሉም ሰው አይሠራም። በየሳምንቱ ሳትቀር ና።»

ግማሽ ሰዓት የእግሬ አውራ ጣት ብቻዋን ደነሰች። አምስት ሳምንት ምንም የለም። አልቀረሁም፤ እልኸኛ ነኝ፣ እሱንም ጠይቁ። በሰባተኛው ሳምንት ሳሪስ ገበያ መሃል መጣብኝና፣ እንደ ድሮው ሊያልቅልኝ ነው ስል፣ ሽንት ቤቱን ፈልጌ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ በሩን ዘግቼ ቀበቶዬን እስክፈታ ድረስ ያዝኩት፤ ዋንጫ የበላሁ ነው የመሰለኝ።

አራት ወሩ ሳይሞላ ሥራ ገባሁ። አንዳንዴ አሁንም ያመልጠኛል፣ ቅያሪ ሱሪ ከወንበር ሥር አለኝ። እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ አትራቡ፣ አትደበቁ፤ ሐኪም ፊት «ሰገራ ያመልጠኛል» በሉ። አፌ እንደዚህ ሰፍቶ ያቺን ቃል ለማለት ነው የፈራሁት። ዶክተሯንና ጋሽ ከድርን አመሰግናለሁ። ዛሬ «ወራጅ አለ» ስል በመስታወት ያዩኛል።

«አንተ ነህ ወይስ ሰው?»

«ሰው ነው ጋሼ» ካልኩ ቀስ ብለው ጥግ ይይዛሉ። «እኔ ነኝ» ካልኩ እዚያው ይቆማሉ።